ለሬዚደንሲ ቃለ መጠይቅ ወደ አሜሪካ መጓዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከመስከረም አጋማሽ በኋላ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በቸርችል ጎዳና ዙሪያ ባሉት ካፌዎች የሚገናኙ ወጣት ሐኪሞች ጨዋታ ወደ አንድ ጉዳይ ያደላል፦ ለማን ኢንተርቪው መጣ፣ ማን ቪዛ ተከለከለ፣ ማንስ በየት በኩል በረረ። የአሜሪካ ሆስፒታሎች ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ለሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ያመለከቱትን ሰዎች ፋይል መመልከት የሚጀምሩት በዚሁ ሰሞን ነው፤ ቃለ መጠይቁ ከጥቅምት እስከ ጥር ይዘልቃል፤ ማን የት እንደተመደበ የሚታወቀው ደግሞ በፈረንጆቹ ማርች ወር ሦስተኛው ዓርብ ነው። በእነዚህ ወራት ምክር ይጎርፋል። አብዛኛው በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ከፊሉ ጊዜ ያለፈበት፣ ከፊሉም ከመነሻው ስሕተት ሆኖ ሳለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እንደ ሕግ ይቆጠራል። በጠቅላላ ሐኪም ደመወዝ የአንድ ቲኬት ዋጋ ለማጠራቀም ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ስለማውቅ፣ የባልደረቦቼንም ወረቀት ለዓመታት አብሬ ስመለከት ስለቆየሁ፣ ደጋግመው ያጋጠሙኝን ስሕተቶች አንድ በአንድ ማረም እፈልጋለሁ።

«ኢንተርቪው ከመጣ መሄድ ግድ ነው»

ይህ እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ እውነት ነበር። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ግን ቃለ መጠይቁ በዚያው ዓመት ወደ ቪዲዮ ተዛወረ፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር፣ የሆስፒታሎቹ የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች በዚሁ መንገድ እንዲቀጥሉ መምከሩን አልተወም። ዛሬ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በቪዲዮ ይጠይቃሉ፤ ጥቂቶች በአካል ይጠራሉ፤ ምርጫውን ለአመልካቹ የሚተዉም አሉ። ስለዚህ ቲኬት ከመጠየቅ በፊት የግብዣውን ኢሜይል እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ይገባል፤ በአካል ነው ወይስ በቪዲዮ የሚለው እዚያው ተጽፎ ይገኛል፤ ካልተጻፈም የፕሮግራሙን አስተባባሪ በአጭር ኢሜይል መጠየቅ ነውር የለውም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሌላ አባባል «ሄዶ ፊቱን ያላሳየ አይመረጥም» የሚለው ነው። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ሆስፒታሉን በአካል የመጎብኘት ልማድ በእርግጥ አለ። ይሁን እንጂ የምደባውን ሥርዓት የሚያስተዳድረው ኤንአርኤምፒ የተባለው ድርጅት፣ ፕሮግራሞች ይህን ሁለተኛ ጉብኝት ግዴታ እንዳያደርጉ በደንቡ ከልክሏል። አሜሪካ የሚኖር አመልካች በመኪና ሁለት ሰዓት ነድቶ የሚፈጽመውን ጉብኝት የአዲስ አበባ ሐኪም ተበድሮ ውቅያኖስ አቋርጦ ይፈጽመው ማለት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ሁለት የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ብቻ ይዞ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ አስገብቶ «ፍላጎቴን ላሳይ» ብሎ ለሄደ ሐኪም ያዘንሁትን ያህል በሌላ ነገር ያዘንሁ አይመስለኝም።

«በቪዲዮ ከሆነ ጉዞ የለውም፣ ዝግጅትም አይፈልግም»

የቪዲዮ ቃለ መጠይቅም ጉዞ አለው፤ ጉዞው ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ከኖቬምበር መጀመሪያ በኋላ ኒውዮርክ ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እዚያ ከጠዋቱ 9፡00 የሚጀመር ቃለ መጠይቅ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ይጀመራል፤ እዚያ ከቀትር በኋላ 3፡00 ሲያበቃ እዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል። ሎስ አንጀለስ ከሆነማ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ ሌሊቱን ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ለኢንተርኔት ሲል በፒያሳ ወይም በሜክሲኮ አካባቢ ባለ ቢሮ የሚቀመጥ ሰው ሥራው ሲያበቃ ታክሲ እንደማያገኝ ከወዲሁ ሊያውቅ፣ እዚያው አካባቢ የሚያድርበትን ቦታ ሊያዘጋጅ ይገባል። በ11 ሰዓት ለሚጀመር ቃለ መጠይቅ በ10 ሰዓት ተኩል ከቤት መውጣትም አይሆንም፤ ያ ሰዓት መንገዱ የሚጨናነቅበት ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጄኔሬተር ያለው ቦታ መምረጥ፣ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ማድረግ፣ ዋይፋዩ ቢቋረጥ የሚተካ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም በሁለት ስልክ መያዝ ያስፈልጋል።

የበዓላት ቀንም ይታሰብበት። ገና ታኅሣሥ 29 ለአሜሪካ ሆስፒታሎች ተራ የሥራ ቀን ነው፤ የከተራና የጥምቀት ቀናትም እንዲሁ። በከተራ ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲጓዙ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ በምእመናን ስለሚሞላ፣ በዚያ አካባቢ በመኪና ማለፍ የማይታሰብ ነው። በዚያ ዕለት ቃለ መጠይቅ ያለው ሰው ከጠዋት ጀምሮ በቦታው መገኘት አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያስፈራኝ የሰዓት ስሌት ነው። አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ እኛ አናዛውርም። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ እስኪደርስ ድረስ ከኒውዮርክ ጋር ያለን ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ችግሩ፣ ብዙ የግብዣ ኢሜይሎች ዓመቱን ሙሉ «ኢኤስቲ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ምሕጻር በትክክል ሲፈታ የምሥራቅ አሜሪካን የብርድ ወራት ሰዓት፣ ማለትም የስምንት ሰዓቱን ልዩነት ያመለክታል፤ በኦክቶበር ላይ ሲጻፍ ግን ጸሐፊው ማለት የፈለገው የዚያን ዕለት የከተማውን ሰዓት ነው።

አንድ ባልደረባዬ በጥቅምት ወር መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ግብዣ ደረሰው። ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ ምሕጻሩ ምን ማለት እንደሆነ ፈልጎ፣ ስምንት ሰዓት ደምሮ፣ «ከቀኑ 11 ሰዓት» ብሎ በወረቀት ጻፈና ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በዕለቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ከ11 ሰዓት 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ ላፕቶፑን ሲከፍት «እየጠበቅንህ ነው፣ ችግር አለ?» የሚል ኢሜይል አገኘ። ከተላከ 40 ደቂቃ አልፎታል። አጠገቡ ነበርሁ፤ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አንሥቶ ደጋግሞ ሲያነበው አየሁት። አስተባባሪዋ ደግ ሆና ሌላ ቀን ሰጠችው፤ ሁሉም ግን አይሰጥም። መፍትሔው በእጅ መደመሩን ትቶ በስልኩ የዓለም ሰዓት ላይ የሆስፒታሉን ከተማ ስም ማስገባት፣ ከዚያም «የእናንተ 9፡00 ለእኔ በአዲስ አበባ ከቀትር በኋላ 4፡00 ነው፤ ልክ ነኝ?» ብሎ በእነሱ አቆጣጠር አንድ መስመር ጽፎ ማረጋገጥ ነው። የእኛን የሰዓት አቆጣጠር እዚያ ውስጥ ማስገባት ስሕተቱን በስድስት ሰዓት ያሰፋዋል።

«ለቃለ መጠይቅ ነው ካልህ ቪዛ አይሰጡህም፤ ዘመድ ልጠይቅ ነው በል»

ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ እጅግ አደገኛው ይህ ነው። በአካል ለተጠራ አመልካች በቢ1/ቢ2 የጎብኚ ቪዛ ሄዶ ለሬዚደንሲ ቃለ መጠይቅ መቅረብ የተፈቀደ ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። በአንጻሩ ቪዛ ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ ሐሰት የተናገረ ሰው በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ እገዳ ሊገጥመው ይችላል። የተናገረው ሁሉ በመዝገብ ስለሚቀመጥ፣ ነገ ሬዚደንሲ አግኝቶ ለሥልጠናው ቪዛ ሲያመለክት ያው መዝገብ ይጠብቀዋል። ስንት ሌሊት የታደረበት ፈተና በአንዲት የውሸት መልስ መና ሲቀር ማየት ያማል።

እውነት መናገር ግን ቪዛ ያስገኛል ማለት አይደለም። ሕጉ ማንኛውም የጎብኚ ቪዛ ጠያቂ ለመቅረት እንደሚሄድ አድርጎ ስለሚነሣ፣ እንደሚመለስ የማሳመን ሸክሙ በአመልካቹ ላይ ነው። የግብዣ ደብዳቤ ብቻውን ይህን አያሳምንም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ወዳለው ኤምባሲ የሚሄድ ሐኪም ከግብዣው ጋር ከአሜሪካ ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ የሚያረጋግጠው ኢሲኤፍኤምጂ የሰጠውን ሰነድ፣ ከሚሠራበት ሆስፒታል የተጻፈ የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ፣ የመመለሻ ቀኑን የሚያሳይ ዕቅድ ይያዝ፤ በመስኮቱ ፊት ግን ወሳኙ ነገር አጭርና ቀጥተኛ መልስ ነው። መኮንኑ ወረቀቱን ላያየውም ይችላል። የማመልከቻው ክፍያ 185 ዶላር ሲሆን፣ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

«ቲኬት ያልቆረጠ ኤምባሲ አይቀርብም»

ሐሰት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የሚመክረው ቪዛው እጅ ሳይገባ የመጨረሻ ቲኬት እንዳይገዛ ነው። የጉዞ ዕቅድ ማቅረብና ገንዘብ መክፈል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ቪዛው ላይ እስከተጻፈው ቀን ድረስ መቆየት ይቻላል»

ቪዛው ላይ ያለው ቀን የሚናገረው እስከ መቼ ድረስ የመግቢያ በር ላይ መቅረብ እንደሚቻል ነው። የቆይታው ጊዜ የሚወሰነው በመግቢያው አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ አይ-94 በተባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ይህንንም ከገቡ በኋላ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በወጣው ለውጥ መሠረት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ የጎብኚ ቪዛዎች የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆነዋል። ይህ ለቃለ መጠይቅ ተጓዥ ትልቅ ነገር ነው፦ በጥቅምት ሄዶ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በጥር እንደገና እገባለሁ የሚል ሰው ሁለተኛ ቪዛ ያስፈልገዋል። የአካል ቃለ መጠይቆችን በአንድ ጉዞ ውስጥ፣ በተቀራረቡ ከተሞችና ቀናት ማሰባሰብ፣ ቪዛውንም ከቀጠሮው አብዝቶ ሳይርቅ ማውጣት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል በማመልከቻው ሰሞን የወጣውን መመልከት አይዘንጋ።

«በደረስሁ ማግስት ቃለ መጠይቅ ብገባ ችግር የለውም»

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ለመነሣት ይከብደዋል፤ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በተለምዶ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ የሚመጣው በዋነኛነት ለዚህ ነው። ሲኬድ ያለው ጉዞ ይረዝማል ማለት ነው። ከዚያም የመጀመሪያው የአሜሪካ ማረፊያ ላይ መንገደኛው ፓስፖርቱን አስመርምሮ፣ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ከተማ ቢጻፍም እንኳ ራሱ አንሥቶ፣ በጉምሩክ አሳልፎ፣ ለቀጣዩ በረራ መልሶ ያስረክባል። ለዚህ ሦስት ሰዓት እንኳ ሊያንስ ይችላል። ሻንጣ ቢዘገይ ቀጠሮው አይጠብቅምና ሙሉ ልብስ፣ ሸሚዝ፣ ጫማና ዋና ሰነዶች በእጅ ሻንጣ ይሂዱ። ከቤት የተወሰደ ካውያ በኤሌክትሪካቸው 120 ቮልት ላይ በቂ ስለማይሞቅ አያስፈልግም።

የሰውነት ሰዓትን ጉዳይ ለሐኪም ማስረዳት ባያስፈልገኝም፣ በራሳችን ላይ ስንተገብረው ግን አላይም። ሰውነት በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚላመድ፣ ስምንት ሰዓት በአንድ ሌሊት አይስተካከልም። ኒውዮርክ በእነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2፡00 ሲል አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ዳይሬክተሩ ከምሳ በኋላ በሚጠይቅበት ሰዓት የተጠያቂው አካል መኝታ ይፈልጋል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መድረስ ቅንጦት አይደለም። ከቻለ ደግሞ የቀጠሮ ምርጫ ሲሰጥ የጠዋቱን ይውሰድ።

«የዘመድ አደራ እምቢ አይባልም»

የመሄጃው ዋዜማ ምሽት በር ይንኳኳል። የጎረቤት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው «ልጄ፣ ይህችን ብቻ ለእህትህ አድርስልኝ» ይላሉ። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ እኔም ከብዶኛል። ነገር ግን ጉምሩኩ የሚጠይቀው ተሸካሚውን ነው። ሥጋና ቋንጣ አይገቡም፤ ቅቤም ጥያቄ ያስነሣል፤ በርበሬና ሽሮ ቢሆኑ እንኳ «ምግብ ይዤአለሁ» ብሎ ማሳወቅ ይገባል። ያላሳወቀ በገንዘብ ሊቀጣ፣ የሚቀጥለው በረራም ሊያመልጠው ይችላል። «እትዬ፣ የምሄደው ለፈተና ነው፤ ስመለስ ሌላ የሚላክበትን መንገድ አብረን እንፈልጋለን» ማለት ይቻላል፤ ደግመው አይለምኑም። የሚቀበል ሰው ደግሞ ጥቅሉን በፊታቸው ፈትቶ ማየት አለበት።

«በዚያው ቪዛ ሬዚደንሲውን መጀመር ይቻላል»

አይቻልም። የጎብኚ ቪዛ ለቃለ መጠይቅ ይበቃል፤ ለሥልጠና አይሆንም። ከአገር ውጭ የተማሩ ብዙ ሐኪሞች የሚገቡት ኢሲኤፍኤምጂ በሚደግፈው የጄ-1 ቪዛ ሲሆን፣ ለእሱም ከአገራችን ጤና ሚኒስቴር የሚጻፍ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ሥልጠናው ሲያበቃም ወደ አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ ይከተለዋል። ሥልጠናው በአብዛኛው ጁላይ 1 ስለሚጀምር ምደባው ከታወቀበት ዓርብ እስከዚያ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የሚኒስቴሩን ደብዳቤ መጠየቅ ከዚያ ዓርብ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ቢጀመር፣ ለኤምባሲው ቀጠሮ የሚተርፍ ጊዜ ይኖራል።