ስውር ጉድለት ምንድን ነው? የድሮ ሞተር ከተገዛ በኋላ ብቅ የሚለው ጉድ

ስውር ጉድለት ማለት ዕቃው ሲሸጥ አብሮት የነበረ፣ ገዢው ግን በወጉ አገላብጦ ቢያየውም ሊያገኘው የማይችለው ችግር ነው። ቀላል ችግር አይቆጠርም። ገዢው አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ወይ ጭራሽ አይገዛም ነበር፣ ወይ ዋጋ ያስቀንስ ነበር የሚያሰኝ መሆን አለበት።

አዲስ ዕቃ ላይ ይህን መለየት አይከብድም። አዲስ ፍሪጅ ካላቀዘቀዘ ጉድለት አለበት፤ አለቀ። የድሮ ሞተር ሳይክል ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ስልሳ ዓመት መንገድ ላይ የኖረ ሞተር ምንም ያልነካው ሊሆን አይችልም። ታዲያ የትኛው እርጅና ነው፣ የትኛው ጉድለት? ገዢና ሻጭ የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ይህን ለማስረዳት ከጣሊያኗ ትንሽ ሞተር ሳይክል ከቬስፓ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

መጀመሪያ ጉድለት ያልሆነውን እናውጣ። የድሮ ቬስፓ ታጨሳለች። ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚቃጠል ማጨስ ተፈጥሮዋ ነው። ፍሬኗ እንደ ዛሬ ሞተር ቀጥ አድርጎ አያቆምም። ብዙዎቹ የድሮ ሞዴሎች በ6 ቮልት ስለሚሠሩ መብራታቸው ደብዘዝ ያለ ነው። ጎማዋ ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ ላይ ታንገጫግጫለች። በዚህ ሻጭን መውቀስ አይቻልም። ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲሁ ነበረች።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ የቬስፓን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የቬስፓ ሠሪ ፒያጆ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን የሚሠራ የጣሊያን ድርጅት ነበር። ፖንቴዴራ የሚገኘው ፋብሪካው በቦምብ ተመታ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሕዝቡ የሚፈልገው ርካሽ መጓጓዣ ነበር። ሥራው ለአውሮፕላን መሐንዲሱ ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ተሰጠ፤ ቬስፓም እ.ኤ.አ. በ1946 ወጣች። ዳስካኒዮ እንደ ሌሎቹ ሞተሮች ከብረት ቱቦ ሻንሲ አልሠራም። ላሜራ አጣጥፎና በይዶ አካሉን ራሱን ሻንሲ አደረገው። የፊት ጎማውንም እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ጎን ብቻ እንዲያዝ አደረገ።

ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን መዘዝ አለው። ሌላ ሞተር ላይ የጭቃ መከላከያው ቢበሰብስ ፈትቶ መቀየር ነው። ቬስፓ ላይ ግን የእግር ማሳረፊያው ወለል ከበሰበሰ የተጎዳው የጀርባ አጥንቷ ነው። የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ የያዘው ያ ላሜራ ነውና። ከወለሉ ሥር ማጠናከሪያ ብረቶች ተበይደዋል። የፊት ጎማው የሚረጨው ውሃና ጭቃ እዚያ ይጠራቀማል። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። ምስጥ እንደበላው ግንድ ከላይ ሲታይ ምንም የሆነ አይመስልም።

እንዲህ ያለውን ወለል በትክክል ለመጠገን የበሰበሰውን ቆርጦ ማውጣት፣ አካሉ እንዳይጣመም ወጥሮ መያዝ፣ አዲስ ላሜራ መበየድ ያስፈልጋል። ብዙ ቀን ይወስዳል፤ ውድም ነው። አቋራጩ ደግሞ ይታወቃል። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ቆርቆሮ ይለጠፋል፣ በላዩ ስቱኮ ይመረጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ቀለም። ቀለሙ ሲደርቅ ሁለቱን ሥራ በዓይን መለየት አይቻልም። ልዩነቱ የሚታወቀው ሰው ተጭኖባት ጉድጓድ ስትመታ ነው።

በዚህ በኩል ስማቸው በዓለም የተነሳው ከቬትናም የመጡት ቬስፓዎች ናቸው። ሳይጎን በድሮ ዘመን ቬስፓ የሞላባት ከተማ ነበረች። በኋላ በ2000ዎቹ አሮጌዎቹ እየታደሱ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይላኩ ጀመር። ባለ ሁለት ቀለም፣ ብረታቸው የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋቸውም ደህና። ገዢዎች ቀለሙን ሲያስፍቁ ግን ከሁለት የተሰባበሩ ቬስፓዎች ተቆርጦ የተቀጠለ አካል አገኙ። ከመሪው እስከ ፊት ጎማ የሚወርደው ቱቦ ተቆርጦ በመጥፎ ብየዳ የተያያዘም ተገኘ። ይሄ ያስፈራኛል። በቬስፓ ላይ የፊት ጎማውን የያዘው እሱ ብቻ ነው። እየተነዳ ቢቆረጥ ነጂው የሚይዘው ነገር የለም።

የቬትናም መካኒክ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ እዚያ እጅግ የተካኑ ባለሙያዎች አሉ። ዕቃ በጠፋበት አገር ያገኙትን አያይዞ መንዳትም ነውር የለበትም። ነውሩ እሱኑ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ብሎ መሸጥ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ደርሰናል እንግዲህ። ጉድለት የሚለካው ዕቃው ምን ነው ተብሎ እንደተሸጠና ምን ያህል እንደተከፈለበት ነው። ወለሏ የበሰበሰ ቬስፓ «ለመለዋወጫ የምትሆን» ተብላ በርካሽ ብትሸጥ ጉድለት የለባትም። ያችው ቬስፓ «ታድሳለች፣ ተነስቶ መንዳት ነው» ተብላ በሙሉ ዋጋ ከተሸጠች ስውር ጉድለት አለባት። ብረቱ ያው ነው፤ የተለየው የተባለው ቃል ነው።

ከእንግሊዝ ሞተሮች አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ይሄ ለመካኒክም የሚያስቸግር ነው። ትራየምፍ ቦንቪል እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣ ዝነኛ ሞተር ነው። የያኔዎቹ እንደ ዛሬ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ አልነበራቸውም፤ ዘይቱ የሚያልፈው በሽቦ ወንፊት ነበር። ወንፊቱ ያሳለፈው ደቃቅ ቆሻሻ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ውስጥ ባለች አንዲት ቱቦ ይጠራቀማል። ክራንክ ሻፍቱ በኃይል ሲሽከረከር ቆሻሻው ወደ ውጭ እየተገፋ ቱቦዋ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ቱቦዋን ለማጽዳት ሞተሩን አውርዶ ሙሉ በሙሉ መበተን ግድ ነው። ስለዚህ ባለቤት በባለቤት ላይ ሲቀያየር ማንም ሳይነካት ትሞላለች። ስትደፈን ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ሥር ዘይት አይደርስም። ሞተሩ እስከዚያች ቀን ድረስ በደንብ ይነሳል፣ በደንብ ይሄዳል፣ ድምፁም ያምራል።

ይህ ስውር ጉድለት ነው? ሻጩ «ሞተሩን ነክቼው አላውቅም» ካለ የእርጅና ጣጣ ነው እላለሁ፤ ገዢው ይህን አስቦ ዋጋ መስጠት ነበረበት። «ሞተሩ ተበትኖ ታድሷል» ካለና ደረሰኝም ካሳየ ግን ቱቦዋ በደለል ተሞልታ መገኘት የለባትም። ያኔ ሻጩ ተጠያቂ ነው።

ከመግዛት በፊት ሊደረግ የሚችለውም ጥቂት አይደለም። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስኪዱት። ስቱኮ የወፈረበት ቦታ ላይ አይዝም። ቬስፓዋን በጎን አስተኝታችሁ ወለሉን ከሥር በባትሪ እዩት። የፋብሪካ ብየዳ ነጠብጣብ ሆኖ በእኩል ርቀት የተደረደረ ነው፤ የተዝረከረከ ብየዳ ካያችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀዝቅዞ እንዴት እንደሚነሳ አላያችሁም ማለት ነው፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የቤንዚን መስጫውን ስትለቁት ድምፁ ወዲያው የማይወርድ፣ ብቻውን እየጨመረ የሚጮህ ከሆነ ኦይል ሲሉ፣ ማለትም ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ደርቆ አየር ያስገባ ይሆናል። አየር የበዛበት ሞተር ይግላል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ለዓመታት ቆማ የኖረች ቬስፓ ላይ ይሄ የተለመደ ነው።

ቁጥሩንም ሳታዩ እንዳትከፍሉ። በዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ። የሞተሩና የአካሉ ቁጥር አንድ መሆን አለበት ይባላል። ቬስፓ ላይ እንደዚያ አይደለም። መመሳሰል ያለበት ከፊት ያለው የሞዴል ምልክት ነው። ለምሳሌ አካሏ ቪቢቢ1ቲ ከሆነ ሞተሯ ቪቢቢ1ኤም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ቁጥር ቢለያይ ችግር የለም። አካሉ ላይ ያለው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ወይም ዙሪያው ተፍቆ ከታየ ግን ጥላችሁ ሂዱ።

በእኔ እምነት ዝገቷ ፊት ለፊት ከሚታይ ቬስፓ ይልቅ ትኩስ ቀለም የተቀባችው የበለጠ ታስፈራለች። የዛገችው ያለባትን ታሳያለች። የተቀባችውን የምመለከታት ግን ሲሠራ ደረጃ በደረጃ የተነሳ ፎቶ ሲኖር ነው። የምሩን ያደሰ ሰው ፎቶ አያጣም። ላሜራው ተፍቆ፣ ተቆርጦ፣ ተበይዶ ያነሳውን በኩራት ነው የሚያሳያችሁ።

ሕጉስ ምን ይላል? እንደየአገሩ ይለያያል። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ስለዚሁ ይናገራል። ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት እንዲሆን ግዴታ አለበት። ገዢውም ዕድሉን እንዳገኘ ዕቃውን መመርመርና ያገኘውን ሳይቆይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ውል ላይ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል መስመር ሲገባ ግን ይህን መብት ሊያሳጣችሁ ስለሚችል ዝም ብላችሁ አትፈርሙ።

በቬስፓ አገር በጣሊያን ጊዜው በጣም አጭር ነው። ከግለሰብ ከገዛችሁ ጉድለቱን ባገኛችሁ በ8 ቀን ውስጥ ለሻጩ ማሳወቅ አለባችሁ፣ ክሱም ከተረከባችሁ በ1 ዓመት ውስጥ ነው። ሻጩ ሆን ብሎ ከደበቀ ግን የ8 ቀኑ ማሳወቂያ አይጠየቅም። የፈረንሳይ ሕግ ለገዢ ሰፋ ያለ ነው። ጉድለቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ይሰጣል፤ ሻጩ ግለሰብ ቢሆንም ይሠራል። ገዢው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን መቀበል ወይም ዕቃውን ይዞ ከዋጋው የተወሰነውን ማስመለስ ይችላል። በእንግሊዝ ከነጋዴ ለግል መጠቀሚያ የገዛ ሰው ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላል። ከግለሰብ የገዛ ግን ብዙ መጠጊያ የለውም፤ መከራከር የሚችለው ሻጩ በተናገረው ወይም በጻፈው ነገር ላይ ነው። በአሜሪካም የግለሰብ ሽያጭ አብዛኛውን ጊዜ «ባለበት ሁኔታ» ነው። ያም ሆኖ በማታለል የተሸጠን ነገር ያ ቃል አይሸፍነውም። በጀርመንም ግለሰብ ሻጭ ኃላፊነት የለብኝም ብሎ ውል ላይ መጻፍ ይችላል፤ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ ግን ጽሑፉ አያድነውም።

ከማታለል ጋር አንድ ነገር አይምታታ። ስውር ጉድለት ተገኘ ማለት ሻጩ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ስቱኮውን የመረገው ከእሱ በፊት የነበረው፣ ወይም ከዚያም በፊት የነበረው ባለቤት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሻጭ እንደ እናንተው ተታሎ የገዛ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስልክ በስድብ አትጀምሩት። ሻጩ አለማወቁ ግን ገዢውን መብት አያሳጣም፤ በብዙ አገር ሕግ ማወቅ አለማወቁ የሚለውጠው ከዋጋው በላይ ካሳ መጠየቅ መቻል አለመቻሉን ነው።

ጉዱ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ መንዳት አቁሙ። ሁለተኛ፣ አትንኩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ተናዶ በዚያው ቀን ጋራዥ አስገብቶ ያስበትነዋል፣ የተበላሸው ይጣላል፣ ከዚያ ማስረጃ የለም። እንደተገኘ ፎቶና ቪዲዮ አንሱት፤ ቁጥሩ አብሮ ይታይ። ማስታወቂያውን፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን፣ የከፈላችሁበትን ሁሉ አስቀምጡ። ማስታወቂያ ከተሸጠ በኋላ ይጠፋልና ገና ልትገዙ ስታስቡ ፎቶ ብታነሱት ይመረጣል። ለሻጩ በጽሑፍ ንገሩት፤ ያገኛችሁትን፣ መቼ እንዳገኛችሁትና የምትፈልጉትን በግልጽ ጻፉ። መጥቶ እንዲያይ ዕድል ስጡት። ከዚያ ሁለታችሁንም የማያውቅ መካኒክ አይቶ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ጽሑፉ ላይ ሁለት ነገር መኖር አለበት፦ ጉዳቱ ከሽያጩ በፊት የነበረ ስለመሆኑ ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ ለመጠገንም ስንት እንደሚጠይቅ። ከቀለም ሥር የተገኘ አሮጌ ዝገት በቅርቡ የመጣ ሊሆን እንደማይችል ለማስረዳት አይከብድም።

መመለስ ይሻላል ወይስ ዋጋ አስቀንሶ መያዝ? ችግሩ ሞተሩ ላይ ከሆነ መያዝ ሊያዋጣ ይችላል። የቬስፓ ሞተር ትንሽ ነው፤ ኦይል ሲልና ኩሽኔታው ይገኛል፣ የሚያውቀው መካኒክም አይጠፋም። አካሉ ተቆርጦ የተቀጠለ ከሆነ፣ በተለይ የመሪው ቱቦ ከተነካ፣ መመለሱ ይሻላል። ሻጩ አልቀበልም ቢል እንኳ ቱቦው በሌላ ሳይቀየር ሰው አይውጣባት።