የተዘጋ የሲንክ ፍሳሽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የወጥ ቤት ሲንክ ውኃ አላወርድ ሲል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ልጨምርበት?» ብሎ ነው። ስህተቱ ከጥያቄው የሚጀምር ይመስለኛል፤ ቧንቧውን የዘጋው አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ቅባት፣ የምግብ ትራፊ ወይም የተቋጠረ ፀጉር ስለሆነ፣ የሚያዋጣው ሌላ ነገር መጨመር ሳይሆን ያንኑ ማውጣት ነው።

«ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ማንኛውንም ቧንቧ ይከፍታሉ» የሚለው እምነት በጣም ተስፋፍቷል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈላው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የሲንኩ አፍ ክፍት በመሆኑ ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ የረጋውን ቅባት አይገፋም። ከዚህም በላይ አንዱ የሌላውን ኃይል ያመክናል፦ 100 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ 5 በመቶ አሲድ ካለው አቼቶ 1.4 ሊትር ያህሉን ያረክሳል፤ የሚተርፈውም ጥቂት ጨው የሟሟበት ውኃ ነው። ባለሱቁ በስህተት ቤኪንግ ፓውደር ሰጥቶ እንደሆነ ደግሞ ስታርች ስላለበት ሙቅ ውኃ ሲያገኘው እንደ ሙጫ ሊወፍር ይችላል።

የፈላ ውኃ ቅባትን ጠርጎ ይወስዳል መባሉ ግማሽ እውነት ነው። ቅባቱ ይቀልጣል፤ ነገር ግን ጥቂት ሄዶ ቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ እንደገና ይረጋል፤ ቅቤና ፓልም ዘይት በአዲስ አበባ ምሽት ድስት ውስጥ እንኳ እንዴት እንደሚረጉ ሁላችንም እናውቃለን። በከተማዋ ከፍታ ምክንያት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ የፒቪሲ ቧንቧ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ መለስለስ ስለሚጀምር ይህም ይበዛበታል። ከዚህ ይልቅ ድስቱን ከማጠብ በፊት ቅባቱን በወረቀት መጥረግ ይሻላል።

የቡና አተላ ቧንቧ ያጸዳል የሚሉም አሉ። አተላው በውኃ አይሟሟም፤ በረካው ተጠጥቶ ጀበናው ሲታጠብ ወደ ሲንኩ የሚወርደው ዝቃጭ በቧንቧው እጥፋት ላይ ይቀመጥና ከቅባት ጋር ይጣበቃል። ቦታው የአበባ ሥር ነው።

ከሁሉም አደገኛ የሆነው «አንዱ ካልሠራ ሌላውን ልደርብ» የሚለው አስተሳሰብ ነው። አቼቶ ወይም የመጸዳጃ ቤት አሲድ በፈሰሰበት ቧንቧ ላይ በረኪና ሲጨመር ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብና መስኮት አልባ በሆነ ክፍል ውስጥ ይህ ለሕይወት ያሰጋል። በረኪና ለብቻውም ቢሆን በቅባትም ሆነ በቡና አተላ የተዘጋ ቧንቧን አይከፍትም።

እጀታ ያለውን ባለ ጎማ መግፊያ በተመለከተ፣ ኃይሉ ያለው በመግፋቱ ብቻ አይደለም፤ ወደ ላይ መሳቡም እኩል ይሠራል። ጎማው በውኃ መሸፈን፣ በእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ያለችው የትርፍ ውኃ መውጫ ቀዳዳም በእርጥብ ጨርቅ መደፈን አለባት፤ አለበለዚያ የሚገፋው አየር በዚያ ያመልጣል።

«ሲፎን መፍታት የባለሙያ ሥራ ነው» የሚለው አመለካከት ሰውን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ሲፎን የሚባለው ከሲንኩ ሥር ያለው የታጠፈ የፕላስቲክ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይፈታል፤ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጦ ማቀፊያዎቹን ማላላት፣ ውስጡን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መጥረግ፣ ጎሚኒዎቹን (የጎማ ቀለበቶቹን) ሳያጣምሙ ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። ኬሚካል የተጨመረበት ከሆነ ግን ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካም። ሲፎኑ ተፈትቶ ሳለ የባልዲውን ውኃ በልማድ ተመልሶ እዚያው ሲንክ ውስጥ መድፋት እግርን ማጠብ ነውና ይታሰብበት። በሲፎኑ እጥፋት ውስጥ ውኃ መቅረቱን የመዘጋት ምልክት አድርገው የሚያዩት አሉ፤ ውኃው ግን የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ሆን ተብሎ የሚቀር ነው። ለሻወር ፀጉር ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ሽቦ ይበቃል፤ ወደ ውስጥ መግፋት ሳይሆን እያዞሩ መሳብ ነው።

ሲንኩ፣ ሻወሩና መጸዳጃው በአንድ ጊዜ ውኃ ከመለሱ ግን ችግሩ ሲፎኑ ላይ አይደለም። በኮንዶሚኒየም ይህ ሲሆን የተዘጋው የጋራው ቧንቧ ወይም የግቢው ማንሆል ሊሆን ስለሚችል፣ በቅድሚያ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ውኃ እንዳይለቁ መንገር ያስፈልጋል፤ የእነርሱ ፍሳሽ የሚወጣው ከታችኛው ፎቅ ወለል ነውና።