ዲያቆን ምንድን ነው? «ተለማማጅ ቄስ» ግን አይደለም

ባለፈው ሰሞን ደሴ አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ማይክ የያዘው ሰው ሙሽራውን ሲያስተዋውቅ «ዲያቆን ነው፤ ያው ተለማማጅ ቄስ ማለት ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ከፋኝ። ይህችን አባባል ታክሲ ውስጥ ሰምቻታለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሰምቻታለሁ። ቅዳሴ የማስተምራቸው ልጆች ወላጆች ሳይቀሩ «ልጄ ከዲያቆንነት መቼ ነው የሚያልፈው?» ይሉኛል። ልጁ ክፍል የደገመ ይመስል።

ስለዚህ ስለ ዲያቆን ላውራ።

ዲያቆን አያጠምቅም። ንስሐ አይቀበልም። መስቀል አያሳልምም። ኅብስቱንና ጽዋውን አይባርክም። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ገና አልደረሰም ማለት ነዋ» ይላል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ዲያቆን እነዚህን የማያደርገው ስላልቻለበት አይደለም። አሥራ አራቱን ቅዳሴያት የካህኑን ድርሻ ጭምር በቃሉ የሚያወርድ ዲያቆን አውቃለሁ። ነገሩ በዕውቀት ቢሆን ኖሮ ስንቱን ቄስ ባስከነዳ ነበር። ግን ሥልጣኑ አልተሰጠውም። ክህነት የሚሰጠው በጳጳስ አንብሮተ እድ፣ ማለትም እጅ በመጫን ነው፤ እጁ የተጫነብህ ለምንድን ነው የሚለው ነው ወሳኙ። በዚሁ አንጻር ደብተራውም፣ ዜማው ምንም ያህል ቢጠልቅ፣ ካልተሾመ በቀር ለቅዳሴ ወደ መቅደስ አይገባም።

የወሎ ሰው ጉልቻ ያውቃል፤ በጉልቻ ላስረዳ። ሦስት ጉልቻ አለ፤ ጳጳስ፣ ቄስ፣ ዲያቆን። ሦስተኛዋ ጉልቻ ትልቅ ለመሆን የምትለማመድ አይደለችም። እሷን አንሣትና ድስቱ ይደፋል። ደግሞ «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። ይህም እዚህ ይሠራል። ቄሱ ስለተቀየረ ቁርባኑ አይበልጥም፣ አያንስም። ወጡን የሚያበስለው እሳቱ ነው፤ እሳቱ መንፈስ ቅዱስ ነው። ምሳሌው ግን የሚጎድልበት ቦታ አለ። ጉልቻዎች እኩል ናቸው፤ ማዕረጎቹ እኩል አይደሉም። ሌሎቹን ሁለቱን የሚሾመው ጳጳሱ ነው። ስለዚህ ዲያቆን ከቄስ እኩል ነው እያልኩ አይደለም። ሥራው የራሱ ነው እያልኩ ነው።

ቅዳሴውን ተመልከቱ። ነገሩ የሚጀመረው ቤተ ልሔም፣ የቁርባኑ ኅብስት በሚዘጋጅበት ቤት ነው፤ ኅብስቱን የሚጋግረውና ዘቢቡን የሚያዘጋጀው ዲያቆኑ ነው። መልእክተ ጳውሎስን የሚያነበው እሱ ነው። የተቀመጠውን «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ብሎ የሚያስነሣው፣ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ብሎ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሚያስመልሰው እሱ ነው። ቄሶቹን ራሳቸውን «አንሥኡ እደዊክሙ ቀሳውስት» ይላቸዋል። እጃችሁን አንሡ! የትኛው ተለማማጅ ነው አለቃውን እንዲህ የሚያዝ? ቄሱ ሥጋውን ሲያቀብል፣ ደሙን በእርፈ መስቀል፣ በመስቀል ምልክት ባለው ማንኪያ፣ የሚያቀብለው ደግሞ ዲያቆኑ ነው።

ከሠርጉ በኋላ ያንን ሰው አነጋገርኩት። «ይሁን፣ ዲያቆን ባይኖርስ? ቄሱ ይበቃ የለም እንዴ?» አለኝ። አይበቃም። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ማለትም ቀዳሾች፣ ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት። ቁጥር ሲበዛ ሰባትም ከዚያ በላይም ይሆናሉ። አንድ ቄስ ብቻውን ቆሞ አይቀድስም።

ቀጥሎ ያነሣው ፊልጶስን ነው። ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። ፊልጶስ ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ሆኖ የእኛኑ ጃንደረባ አጥምቆ የለም ወይ? አጥምቋል። ግን ወደ ሠረገላው ቅረብ ብሎ ያዘዘው መንፈስ ቅዱስ ራሱ ነው። ይህ በተጻፈበት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ፣ በሰማርያ ፊልጶስ ላጠመቃቸው ሰዎች እጅ ለመጫን ጴጥሮስና ዮሐንስ ከኢየሩሳሌም ድረስ ወርደዋል። የሥራ ድርሻው ያኔም ተለይቶ ነበር። በላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ዘንድ ዲያቆን ያጠምቃል፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ማጥመቅ የቄስ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ይህ አመለካከት ከየት መጣ ካላችሁኝ፣ ጥፋቱ የማይክ ያዡ ብቻ አይደለም። ከመጀመሪያው ጳጳሳችን ከአባ ሰላማ ወዲህ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳሳችን ከግብፅ ነበር የሚመጣው። አቡኑ ሲሞት አዲሱ እስኪመጣ ድረስ ቀጥ ነው፤ ክህነት የሚሰጥ አይኖርም። ስለዚህ አቡኑ በተገኘ ጊዜ ሰው ልጁን ይዞ ይሮጣል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ያየው ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በሰው እቅፍ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ዲያቆን ሲሆኑ ማየቱን ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የኛ ዓይን የለመደው ልጅ ዲያቆን ነው። ተሿሚው ልጅ ሲሆንብን ሹመቱም የልጅ መሰለን።

ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ የነበረው እስጢፋኖስ ግን ልጅ አልነበረም። ሊቀ ዲያቆናት ተብሎ በዲያቆንነቱ ተወግሮ ሞተ፤ ቄስ ሳይሆን። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት፣ የወሎ ትልቁ ገዳም ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚጠራው በዚህ ዲያቆን ስም ነው። ሐይቅ ለመሳለም የሚሄድ ሰው ተመልሶ «ተለማማጅ» ሲል ያሳዝነኛል።

በክረምት አንድ ገጠር አጥቢያ ሄጄ ነበር። ሰንበት ነው። ሁለት ቄሶች አሉ፤ ሁለት ዲያቆናት አሉ፤ ሦስተኛው የለም። ሌሊቱን ወንዝ ሞልቶ ኖሯል። ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ ቆመ። ሽማግሌው ቄስ ቤተ ልሔሙ ደጅ ላይ ሆነው ቁልቁል መንገዱን ያያሉ። ማንም «እንጀምር» አላለም። ሊነጋጋ ሲል ልጁ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቄሱ አልተቆጡትም። በማሰሮ ውኃ አመጡለት፤ እግሩን ታጥቦ ገባ።