ስካንዲኔቪያን ገና ማለት ነጭ ቤት ማለት አይደለም

ኅዳር ጽዮን ካለፈች በኋላ ስልኬ በፎቶ ይሞላል። ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ሶፋ፣ ነጭ ምንጣፍ፣ ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ዛፍ። ከሥሩ «ለገና እንዲህ አድርጊልኝ፣ ስካንዲኔቪያን ስታይል ነው» የሚል መልእክት አለ። ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ቤት ማሳመር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። እንደዚህ ጥያቄ የሰለቸኝ የለም። ይህን የሰሜን አውሮፓ አገሮች ስታይል ከልቤ እወደዋለሁ። ጸጥ ያለ ነው፤ ሰው ሲገባ ያሳርፋል። የሚያናድደኝ በስሙ የሚበላሸው ቤትና የሚባክነው ገንዘብ ነው።

ትልቁን ስህተት ላስቀድም። «ስካንዲኔቪያን ማለት ነጭ በነጭ ነው» ይሉኛል።

ነጩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ስቶክሆልም በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሳይሞላ ነው። የቀኑ ብርሃን በጠቅላላው 6 ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ሰሜን ኖርዌይ፣ ወደ ትሮምሶ ከወጣችሁ ደግሞ በዚያ ሰሞን ፀሐይ ለሳምንታት ብቅ አትልም። እነዚህ ሰዎች ግድግዳቸውን ነጭ የሚቀቡት ያቺ ያለቻቸው ትንሽ ብርሃን ሳትባክን ቤቱን እንድታዳርስ ነው። ደሴ ግን በታኅሣሥም ከ11 ሰዓት በላይ የቀን ብርሃን አላት። እኛን የሚያስቸግረን ሌላ ነገር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ብርዱ ወዲያው ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ መብራት ስታበሩበት ቤቱ የባሰ የበረደ ይመስላል።

አምና አንዲት የኮምቦልቻ ደንበኛዬ እኔን ሳታማክር ሳሎኗን አስቀባች። ደህና የነበረውን ክሬም ቀለም በሚያብለጨልጭ ነጭ ሸፈነችው። የሶፋውን ልብስ ነጭ አደረገች። ኮርኒሱ ላይ አራት ነጭ ኤል ኢ ዲ አስገጠመች። ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው ደወለችልኝ። «እህቴ፣ ቤቴ ክሊኒክ ሆነብኝ፣ ልጆቹ እንኳ ሳሎን መቀመጥ አቆሙ» አለችኝ። ቤቷ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች የሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። የሶፋው ልብስ በሁለተኛው ሳምንት አቧራ ለብሶ ነበር።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ቀለሙን አልነካሁም። የኮርኒሱን መብራት በሙሉ አጠፋሁት። ሁለት ቢጫ አምፖል ገዝተን አንዱን ከወንበር ጀርባ መሬት ላይ፣ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ጎን ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። ከሣጥኗ አያቷ የተዉላትን ባና አስወጥቼ ሶፋው ላይ ጣል አደረግኩ። ልጆቹ በዚያው ምሽት ተመለሱ። ለቀለም ያወጣችውን ብር ግን የሚመልስላት የለም።

ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት አምፖላችሁን እዩ። ካርቶኑ ላይ የኬልቪን ቁጥር ተጽፏል። 6500 ከሆነ ነጭና ቀዝቃዛ ብርሃን ነው። 2700 ወይም 3000 ከሆነ ቢጫና ሞቃት ነው። ባለሱቁ «ነጩ ይሻላል፣ ያበራል» ቢላችሁ አትስሙት፤ ሁለቱም እኩል ሊያበሩ ይችላሉ፣ የሚለያዩት በቀለማቸው ነው። ሁለተኛ፣ መብራቱን ከኮርኒስ አውርዱት። ፖል ሄኒንግሰን የሚባል ዴንማርካዊ ዲዛይነር ከ1920ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ የታገለው ብርሃኑ ዓይን እንዳይወጋ ነው። የሠራቸው መብራቶች አምፖሉን የሚጋርደው ክዳናቸው በድርብርብ የተሰካ ነው፤ አምፖሉ ራሱ ዓይን ውስጥ አይገባም። እናንተ የእሱን መብራት መግዛት የለባችሁም። አምፖሉ ስትቀመጡ በቀጥታ እንዳይታያችሁ አድርጉ፣ በቂ ነው። ሦስተኛ፣ ከአንድ ትልቅ መብራት ይልቅ ሦስት ትናንሽ ይኑራችሁ። ይህን ብቻ ያደረገ ሰው ከስታይሉ ግማሹን ጨርሷል።

አሁን ትናንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ጥጥ በዛፉ ላይ በትነን በረዶ እናስመስል።» አታስመስሉ። የኮፐንሃገን ገና ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ በረዶ ነው የሚያልፈው፤ ጥጥ ደግሞ እሳት ይወዳል።

«ቀይ ክልክል ነው።» የስዊድንና የዴንማርክ ባህላዊ የገና ቀለም ቀይ ነው። ዴንማርኮች ቀይና ነጭ ባንዲራቸውን በክር ደርድረው ዛፉ ላይ ይሰቅላሉ።

«ዕቃው ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ካልመጣ አይሆንም።» ይህን ከታች እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም ዕቃው ቤታችሁ አለ።

የነጩ ታናሽ ወንድም ደግሞ ይኸውላችሁ፦ «ሚኒማሊስት (በጥቂት ዕቃ የሚያምር) ከሆነ ቤቱ ባዶ መሆን አለበት።» ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አዲስ የተጋቡ ልጆች ጠሩኝ። ስደርስ መሶቡን፣ ረከቦቱን፣ የባልየው እናት የሰፏቸውን ሰፌዶች ሁሉ ዕቃ ቤት አስገብተው ጨርሰዋል። ሳሎኑ ድምፅ ያስተጋባል። እናትየውም በዚያው ሰሞን ከገጠር መጡና ደጃፉ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ቤት ልትለቁ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ በጣም ደነገጠች።

እነዚያ አገሮች የሚወዱት ባዶ ቤት አይደለም። ዕቃቸው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ግን እንጨት ነው፣ ሱፍ ነው፣ የተልባ እግር ጨርቅ ነው፣ ሸክላ ነው፣ ገለባ ነው። የሰው እጅ ያረፈበት ነገር ነው። በዚህ መለኪያ ከሰፌድ የበለጠ ምን አለ? እኔ ሦስት ሰፌድ መርጬ መልሼ ሰቀልኳቸው፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፣ ሁሉም አንድ ግድግዳ ላይ። ሌሎቹን ግድግዳዎች ባዶ ተውኳቸው። መሶቡን ወደ ቦታው መለስኩት። ያወጣሁት የፕላስቲክ አበባውን፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን ባለብዙ ቀለም መብራትና ወርቃማውን ብልጭልጭ ወረቀት ነው። ማዘር መሶቡን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ተቀመጡ።

ዓይን የሚያርፍበት አንድ ነገር፣ በዙሪያው ደግሞ ባዶ ቦታ። በየግድግዳው አንድ ሐሳብ ይበቃል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ስዊድኖች ገና ሲደርስ ከገለባ ፍየል ይሠራሉ፤ በቀይ ጥብጣብ ያስሩታል። ዬቭሌ በምትባል ከተማ ከ1966 (በፈረንጅ) ጀምሮ ግዙፍ የገለባ ፍየል አደባባይ ላይ ይቆማል፤ ቁመቱ 13 ሜትር ገደማ ነው። ፊንላንዶች ደግሞ ገለባ በክር እየሰኩ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ጌጥ ይሠራሉ፤ «ሂሜሊ» ይሉታል። (ፊንላንድ በጥብቅ ትርጉሙ ስካንዲኔቪያ አትባልም፤ ስካንዲኔቪያ ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ስዊድን ናቸው።) ወሎ ውስጥ ስንደዶና አክርማ ይዛ ያደገች ሴት ይህን ለመሥራት አንድ ከሰዓት ይበቃታል። 12 እኩል የስንዴ አገዳ ቁረጡ። እንዳይሰነጠቅ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ንከሩት። ክር አሳልፋችሁ አራቱን በካሬ እሰሩ፣ አራቱን ከካሬው ማዕዘኖች ወደ ላይ፣ የቀሩትን አራት ደግሞ ወደ ታች ስባችሁ አገናኟቸው። ከጠረጴዛው በላይ ስቀሉት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀስ ብሎ ይዞራል።

አጎዛም እንዲሁ ነው። በፎቶው ላይ ወንበሩ ላይ የተጣለውን የበግ ቆዳ አይታችሁ ሰው ሠራሹን ትገዛላችሁ። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ የገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ቤቱ አጎዛ አያጣም። ኋላ ቀር ያስመስላል ብላችሁ የደበቃችሁት አጎዛ ኦስሎ ውስጥ ሳሎን ላይ ይነጠፋል። በደንብ የለፋና ሽታ የሌለው ይሁን፣ ፀሐይ ላይ ይራገፍ፣ ከዚያ በርጩማው ላይ ጣል ይደረግ።

«ጉዝጓዝ ከስታይሉ ጋር አይሄድም» የሚሉኝም አሉ። ይህ ያሳዝነኛል። በድሮ ዘመን ስዊድን ውስጥ ለገና ወለሉ ላይ ገለባ ይጎዘጎዝ ነበር፤ ቤተሰቡም በገና ሌሊት እዚያው ገለባ ላይ ይተኛ ነበር። ቄጠማችሁን ጎዝጉዙ። እኔ የምጠይቃችሁ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ከመሸፈን ቡናው የሚፈላበትን ቦታ ብቻ እንድትጎዘጉዙ ነው። አረንጓዴው ለብቻው ሲሆን ይበልጥ ያምራል።

ዛፉን በተመለከተ፣ ሙሉ ዛፍ አትቁረጡ፤ በተለይ የሐበሻ ጥድ። ደሴ ግቢው ሁሉ የፈረንጅ ጥድ አጥር ነው። ሲከረከም ሦስት አራት ቅርንጫፍ ለምኑና እንስራ ውስጥ ውኃ ጨምራችሁ አቁሙት። የባህር ዛፍ ቅርንጫፍም ከነፍሬው ያምራል፣ ሲደርቅም ቅርጹን ይይዛል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ዴንማርኮች «ሁጌ» የሚሉት ሞቅ ያለ የመሰባሰብ ስሜት አለ፤ ሻማ በማብራትም የታወቁ ናቸው። ይህን የሰማ የደሴ ሰው በርና መስኮት ዘግቶ ሻማ ይደረድራል፣ መሐል ላይ ከሰል ያስገባል። እንዲህ አታድርጉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ፍም ሆኖ ቢገባም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። አንድ ምሽት አንድ ደንበኛዬ ቤት ገብቼ ሁሉም ራሳቸውን ይዘው አገኘኋቸው፤ ጉንፋን ነው ብለው ነበር። መስኮት ከፍተን ከሰሉን ስናወጣ ቀለል አላቸው። ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት፣ ቡናው ሲያበቃ ፍሙ ይውጣ፣ ለብርዱ ጋቢና ባና ይደረብ። ጧፍና ሻማ ደግሞ ከጥድ ቅርንጫፍ፣ ከገለባና ከቄጠማ ይራቅ። የደረቀ ጥድ በሰከንዶች ነው የሚቀጣጠለው። ሻማውን ውኃ ባለበት የሸክላ ሳህን ላይ አቁሙት፤ ከክፍሉ ስትወጡም አጥፉት።

«እንግዳ የሚበዛበት ቤት ሚኒማሊስት መሆን አይችልም» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። እኛ ጋ ገና ሙስሊም ጎረቤትም ቡና ሊጠጣ የሚመጣበት በዓል ነው፤ ሰው ይበዛል። ትልልቅ ሶፋ ቀንሱ፣ በርጩማና ዱካ ጨምሩ። እንግዳው ሲሄድ ተደራርበው ጥግ ይገባሉ።

የመጨረሻው ጊዜውን ይመለከታል። «በዋዜማው አንድ ላይ እንጨርሰው» ብለው ታኅሣሥ 28 ይደውሉልኛል። ስዊድኖች እንዲህ አያደርጉም። ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች በየሳምንቱ አንድ አንድ ሻማ እየጨመሩ ያበራሉ። እኛም የራሳችን እሑዶች አሉን፤ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ። ወሩም ጾም ነው፣ ቤቱ ቀስ እያለ ቢለብስ ያምርበታል። በስብከት የማይፈለገውን አውጡና አምፖሉን ቀይሩ። በብርሃን ገለባውን ስቀሉ፣ ሰፌዱን አስተካክሉ። በኖላዊ ቅርንጫፉን አስገቡ፤ ቀድሞ ከገባ ለበዓሉ ይደርቃል። ለዋዜማ የሚቀረው ቄጠማው ብቻ ነው። ስዊድኖች ጌጡን የሚያወርዱት ጃንዋሪ 13 ነው፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥር 5 ቀን ላይ ይውላል። እናንተም እስከዚያ ልታቆዩት ትችላላችሁ። የጥዱ ቅጠል ሲነኩት መርገፍ ከጀመረ ግን ቀኑን ሳትጠብቁ አውጡት።