የመንገድ ዳር ማቆሚያ ደንብ ማሻሻያ ምንድን ነው?

ብዙ አሽከርካሪ ደንብ የሚለው ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ግን አስታዋሽ ነው፤ ደንቡ ያለው የከተማው ምክር ቤት ካጸደቀው ጽሑፍ ጋር በተያያዘው ሰንጠረዥ ላይ ነው። የመንገዱ ስም፣ የቱ ጎን፣ ከየት እስከ የት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ለምን ዓይነት ተሽከርካሪ የሚለው ሁሉ እዚያ ሰፍሯል። ደንቡ ተሻሻለ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተነካው ከዚህ ሰንጠረዥ አንድ ሁለት መስመር ነው።

መነሻው የነዋሪ አቤቱታ፣ የአደጋ መዝገብ ወይም አዲስ የተከፈተ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቆጠራ ይካሄዳል። ቆጣሪዎቹ በየግማሽ ሰዓቱ እየተመላለሱ የቆሙትን መኪኖች ከነታርጋቸው ይመዘግባሉ። ታርጋው ካልተያዘ ቆጠራው ያሳስታል፦ 20 ቦታ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ሲታይ፣ 12ቱን የያዙት ከጠዋት እስከ ማታ ንቅንቅ ያላሉ መኪኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ መድኃኒቱ ሰዓት መገደብ እንጂ መከልከል አይደለም። በሙያው የተለመደው ልኬት 85 በመቶ ነው፤ ከ20 ቦታ 17ቱ ተይዞ 3ቱ ክፍት ከሆነ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ቦታ ፍለጋ የሚዞረው መኪና ራሱ መንገዱን ያጨናንቃል።

ከባዱ ሥራ ረቂቁን መጻፍ ነው። «ትምህርት ቤቱ አካባቢ» ብሎ መጻፍ ክርክር መጥራት ነው። ደህና ረቂቅ «በምሥራቅ በኩል፣ ከመስቀለኛ መንገዱ ጠርዝ 10 ሜትር ላይ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 42 ሜትር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1:30 እስከ 3:00» ይላል። ለአንድ መኪና 6 ሜትር ቢያዝ ሰባት ቦታ ተነሣ ማለት ነው። መነሻ ነጥቡም የማይነቃነቅ ነገር መሆን አለበት፤ በሱቅ ስም የተለካ ርቀት ሱቁ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። አቁሞ መሄድና ሰው ለማውረድ ለአፍታ መቆምም ተለይተው መጻፍ አለባቸው። በ1968 (እ.ኤ.አ.) የቪየና የመንገድ ምልክቶች ስምምነት፣ ቀይ ጠርዝ ባለው ሰማያዊ ክብ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር ማቆምን፣ ሁለት በመስቀል የተሻገሩ መስመሮች ደግሞ ለአፍታ መቆምንም ጭምር ይከለክላሉ።

ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት የሚቀርብበት ጊዜ ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝ ተቃውሞ ለማቅረብ ቢያንስ 21 ቀን ይሰጣል። እዚያው የሙከራ ደንብ አውጥቶ እስከ 18 ወር በተግባር ማየትም ይቻላል፤ ተቃውሞው የሚሰበሰበው ደንቡ ሥራ ላይ እያለ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። ክርክር በሚበዛበት መንገድ ይህ ይሻላል፤ ሰው በፍርሃቱ ሳይሆን ባየው ላይ ይናገራላ።

ምክር ቤቱ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ብዙ ነገር ይበላሻል። በብዛት የሚረሳው የቀድሞውን የሰንጠረዥ መስመር መሻር ነው፤ አንዱ ቦታ በአሮጌው ተፈቅዶ በአዲሱ ተከልክሎ ይቀራል። ሰሌዳው ደንቡ ከሚጸናበት ቀን ቀድሞ ከተተከለ ደግሞ እስከዚያ መሸፈን አለበት። የአስፋልቱ ቀለም 50 ሜትር ላይ ተቀብቶ ሰንጠረዡ 42 የሚል ከሆነ፣ በትርፉ 8 ሜትር ላይ የተጻፈ ቅጣት ይግባኝ ሲባልበት የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። የተቀጣ ሰው የሰሌዳውን ፎቶ ብቻ ይዞ ከመሄድ የሰንጠረዡን መስመር ጠይቆ በሜትር ቢለካ ይሻለዋል።