ባይታል ዴውል ምንድን ነው? የቻሙንዳ ጥንታዊ የታንትራ ቤተ መቅደስ

በምሥራቅ ሕንድ፣ በኦዲሻ ግዛት ዋና ከተማ በቡባኔስዋር፣ ቢንዱሳጋር ከሚባለው የተቀደሰ ሰፊ ኩሬ በስተ ምዕራብ ከአሸዋ ድንጋይ የተሠራ መካከለኛ መጠን ያለው ሕንጻ ይገኛል። ስሙ ባይታል ዴውል ሲሆን፣ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቻሙንዳ ለተባለችው ቁጡ ሴት አምላክ የታነጸ የታንትራ ቤተ መቅደስ ነው። ቡባኔስዋር የቤተ መቅደሶች ከተማ እየተባለች የምትጠራ ስትሆን፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው ግዙፉ የሊንጋራጅ ቤተ መቅደስም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ባይታል ዴውል በግዝፈት ከእርሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ነገር ግን የታንትራ አምልኮ በድንጋይ ሲገለጽ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ትንሽ ሕንጻ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ታንትራ ሲባል ዛሬ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ወይ ጥንቆላ ወይ የወሲብ ጥበብ ነው። ሁለቱም በታንትራ ታሪክ ውስጥ ፈጽሞ ቦታ የላቸውም ማለት ባይቻልም፣ ዋናውን ጉዳይ ግን ይጋርዱታል። ታንትራ ከ5ኛውና ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ በሂንዱም በቡድሃም እምነት ውስጥ እየተስፋፋ የሄደ የአምልኮ ሥርዓት ነው። ሰው ወደዚህ ሥርዓት የሚገባው ከአማኝ ቤተሰብ በመወለዱ ሳይሆን ጉሩ ከሚባለው መምህር ምሥጢሩን በመቀበሉ ነው፤ ከዚያም መምህሩ የሰጠውን ማንትራ የሚባል ቅዱስ ቃል እየደጋገመ፣ ማንዳላ የሚባለውን ሥዕል እየሣለ፣ የገዛ አካሉን ክፍሎች በእጁ እየዳሰሰ ቅዱስ የሚላቸውን ድምፆች በላያቸው እያኖረ፣ በመጨረሻ ከሚያመልከው አምላክ ጋር አንድ ለመሆን ይጥራል። ሻክታ በሚባለው ቅርንጫፍ ደግሞ የዓለም ሁሉ አንቀሳቃሽ የሆነው ኃይል፣ ማለትም ሻክቲ፣ ሴት አምላክ ናት። ለእነዚህ ሴት አማልክት ቤት መሠራቱን ከሚመሰክሩት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ በራጃስታን፣ በጋንግዳር የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ423 እስከ 424 ባለው ጊዜ የተቀረጸ ነው። ጽሑፉ አንድ የንጉሥ ሹም «እናቶች» ለሚባሉት አማልክት፣ ዳኪኒ በሚባሉ ሴት መናፍስት የተሞላ አስፈሪ ማደሪያ እንዳሠራ ይናገራል።

ቻሙንዳ ከሰባቱ እናቶች አንዷ ናት። ስድስቱ በአብዛኛው የብራህማ፣ የሺቫ፣ የቪሽኑ፣ የኢንድራና የሌሎች ወንድ አማልክት የሴት ገጽታ ተደርገው ሲቆጠሩ፣ ቻሙንዳ ግን የማንም ወንድ አምላክ ጥላ አይደለችም። ዴቪ ማሃትምያ በተባለውና 700 ስንኞች አሉት በሚባለው የሳንስክሪት ድርሳን እንደተተረከው፣ ታላቋ አምላክ ከአጋንንት ጦር ጋር ስትዋጋ በቁጣ ግንባሯ ጠቁሮ፣ ከዚያው ከግንባሯ ጥቁሯ ካሊ ወጣች፤ ካሊም ቻንዳና ሙንዳ የሚባሉትን ሁለት የአጋንንት አለቆች ራስ ቆርጣ ስላመጣች ከሁለቱ ስም የተገጣጠመውን ቻሙንዳ የሚለውን ስም ተቀበለች። በዚያው ጦርነት ራክታቢጃ የሚባል ጋኔን ነበር፤ ከደሙ አንዲት ጠብታ መሬት በነካች ቁጥር እርሱን የሚያክል ሌላ ጋኔን ይነሣ ስለነበር፣ ደሙን መሬት ሳይደርስ በአፏ ተቀብላ የጨረሰችው ቻሙንዳ ናት። እንግዲህ ደም መጠጣቷ በአማኞቿ ዘንድ የጭካኔ ምልክት ሳይሆን ክፋት እንዳይራባ የመከላከል ሥራ ነው። ይህን ሳይገነዘቡ ወደ ባይታል ዴውል መግባት ምስሉን ከነትርጉሙ ሳይሆን ለድንጋጤው ብቻ ማየት ይሆናል።

ከውጭ ሲታይ ሕንጻው ምንም አያስፈራም። በኦዲሻ የተለመደው የቤተ መቅደስ ጣሪያ ወደ ላይ የሾለ ግንብ ሲሆን፣ የባይታል ዴውል ጣሪያ ግን በቁመቱ ተሰንጥቆ የተደፋ በርሜል ይመስላል፤ ይህ ካካራ የሚባለው አሠራር በዚያ አገር በተለይ ከሴት አማልክት ቤቶች ጋር የተያያዘ ነው። በጣሪያው ራስ ላይ ሦስት ጉልላቶች ስለተደረደሩ የአካባቢው ሰው ቲኒ ሙንዲያ፣ ባለ ሦስት ራስ፣ ይለዋል። ከፊት ለፊቱ አራት ማዕዘን የጸሎት አዳራሽ ተያይዞ ተሠርቷል፤ በአዳራሹ አራት ማዕዘናት ላይም አራት ትናንሽ ቤተ መቅደሶች ተጣብቀዋል። በምሥራቁ ገጽ በክብ ክፈፍ ውስጥ የፀሐይ አምላክ ሱርያ፣ ሰባት ፈረሶች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ሆኖ፣ ከግራና ቀኝ ቀስት በሚወረውሩት በንጋት አማልክቱ በኡሻና በፕራትዩሻ ታጅቦ ተቀርጿል፤ ከእርሱ በላይ ደግሞ አሥር ክንድ ያለው ሺቫ ይጨፍራል። በሌሎቹ ገጾች ላይ ስምንት ክንድ ያላት ዱርጋ በጎሽ አምሳል የመጣውን ጋኔን ስትወጋ ትታያለች፤ ጥንዶችና ቆነጃጅትም ሞልተዋል። ጠራቢው እጁ የተባረከ ነበር ማለት ይቻላል።

ውስጡ ግን ሌላ ዓለም ነው። መቅደሱ ጨለማ ስለሆነ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ከግድግዳው የሚለይ ነገር የለም። ከዚያ ቻሙንዳ ራሷ ትታያለች፤ ሥጋዋ አልቆ የጎድን አጥንቶቿ የሚቆጠሩ፣ ሆዷ ከጀርባዋ የተጣበቀ፣ ዓይኖቿ የጎደጎዱ፣ አፏን የከፈተች፣ የራስ ቅሎች ሐብል ያጠለቀች፣ ስምንት ክንድ ያላት፣ በሬሳ ላይ የተቀመጠች። በአንድ ወገኗ ቀበሮ፣ በሌላው ጉጉት አለ። ቀበሮ ሬሳ የሚጎትት፣ ጉጉት በሌሊት የሚጮኽ ስለሆነ፣ ሁለቱም የሬሳ ማቃጠያ ስፍራ ነዋሪዎች ናቸው፤ የእርሷ መንበርም ያው ስፍራ ነው። ዙሪያውን በግድግዳው ላይ ሌሎቹ እናቶችና የሺቫ አስፈሪ ገጽታዎች ተደርድረዋል። ከእነዚህ መካከል በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ያለው ምስል ከሁሉ ይበልጥ ዓይን ይይዛል፤ አንድ አካል ከራስ ቅል በተሠራ ጽዋ ደም ሞልቶ ከምድር ሲነሣ፣ የተቆረጠው ራስ በቀኙ ወድቆ፣ ከሥሩ ባለው መቆሚያ ላይ ደግሞ ሌሎች ሁለት ራሶች በሦስት እግር በቆመ ትሪ ላይ ቀርበው፣ ቀበሮም ራስ የሌለውን በድን ሲበላ ይታያል። በዚያው መስመር ላይ አንዲት ሴት የተቆረጠ ራስ ይዛ ቆማለች።

የዚህ ሁሉ ምክንያቱ ምንድን ነው? በተለመደው የሂንዱ ሥርዓት ሬሳ፣ ደም፣ አጥንትና የሬሳ ማቃጠያ አመድ ያረክሳሉ፤ የነካቸው ሰው ታጥቦና ነጽቶ ነው ወደ አምልኮ የሚመለሰው። የታንትራው ሰው ክርክር ግን፣ ሁሉ ከሻክቲ የወጣ ከሆነ ርኩስ የሚባለውም ከእርሷ ውጭ አይሆንም የሚል ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው በሚሸሽበት ስፍራ፣ በሌሊት፣ አንዳንዴም ሬሳ ላይ ተቀምጦ ማንትራውን ይደግማል፤ ፍርሃትንና ጥላቻን በምክር ሳይሆን ፊት ለፊት በመግጠም ለማሸነፍ ነው። ካፓሊካ የሚባሉት መናንያን አመድ ተቀብተው፣ የሰው የራስ ቅል ለምጽዋት ጽዋ አድርገው የሚዞሩት በዚሁ ምክንያት ነበር። «የግራ መንገድ» በሚባለው ሥርዓት ወይን፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የተቆላ እህልና ሩካቤ ለአምልኮ ይቀርቡ ነበር፤ በ«ቀኝ መንገድ» ያሉት ግን እነዚህን በምሳሌያዊ ነገሮች ይተኳቸዋል ወይም በሐሳብ ብቻ ይፈጽሟቸዋል። እንደ እኔ ግምት የባይታል ዴውል አናጺዎች ይህንኑ ትምህርት ነው በሕንጻ የገለጹት፤ ፀሐይንና ውበትን ከውጭ አድርገው፣ ሞትን ጨለማ ውስጥ ማስቀመጣቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

በዚህ ስፍራ የሰው መሥዋዕት ይቀርብ ነበር የሚለው ወሬ ከማንኛውም ጉዳይ በላይ ጎብኚዎችን ይስባል። ከአዳራሹ ፊት ለፊት የመሥዋዕት ማሰሪያ የሚባል የድንጋይ ምሰሶ አለ፤ ይሁን እንጂ ምሰሶ ምን እንደታሰረበት አይናገርም። በዚያው በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባቫቡቲ የተባለው የሳንስክሪት ጸሐፊ በአንድ ተውኔቱ ካፓሊካ መናኝ ማላቲ የምትባል ልጃገረድን በቻሙንዳ ቤት ሊሠዋ ሲል ፍቅረኛዋ ደርሶ ሲያድናት ያሳያል። ካሊካ ፑራና የተባለው የኋላ ዘመን ድርሳንም ስለ ደም መሥዋዕት በሚያወሳው ምዕራፍ ሰውን ይጠቅሳል። እነዚህ ሐሳቡ በዘመኑ እንደነበረና ሕዝቡም ካፓሊካዎችን በፍርሃት ያይ እንደነበር ያስረዳሉ። በባይታል ዴውል ሰው ታርዷል ለማለት ግን ተውኔትና የግድግዳ ቅርጽ በቂ ማስረጃ አይደሉም፤ ራስ የያዘች ሴት በድንጋይ መቀረጿ የአማልክቱን ዓለም እንጂ የግድ የቤቱን የዕለት ተዕለት ሥርዓት አያሳይም። የእንስሳት መሥዋዕት ግን ዛሬም ያለ ነገር ነው፤ በአሳም ባለው በካማኪያ ቤተ መቅደስ ፍየል ይታረዳል፣ በሌሎች ብዙ የሻክታ ቤቶች ደግሞ በእንስሳ ፋንታ ዱባ ይቆረጣል ወይም ኮኮናት ይሰበራል።

ቤተ መቅደሱ የተሠራው ባውማ ካራ የሚባል ሥርወ መንግሥት ኦዲሻን በሚገዛበት ዘመን ነው። የሥርወ መንግሥቱ ቀደምት ነገሥታት የቡድሃ እምነት ተከታዮች ነበሩ፤ በኋላ ደግሞ ትሪቡቫና ማሃዴቪንና ዳንዲ ማሃዴቪን ጨምሮ በርካታ ሴቶች በራሳቸው ስም ነግሠዋል፤ ይህም በዚያ ዘመን ሕንድ እጅግ ያልተለመደ ነበር። ሴቶች በመንገሣቸው የሴት አማልክት አምልኮ ተስፋፋ ብሎ መደምደም ያጓጓል፤ ሆኖም ባይታል ዴውል ከእነዚያ ንግሥቶች ዘመን የሚቀድም ስለሆነ ነገሩን በዚያ መልክ ማሰር አይቻልም። ይልቁንም የቡድሃ፣ የሺቫና የሻክቲ ተከታዮች በአንድ አገር ጎን ለጎን ይኖሩ ስለነበር፣ የታንትራ ሥርዓት ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገር ነበር።

የዚህ አምልኮ ቀጣይ ምዕራፍ ከቡባኔስዋር ወጣ ብላ በምትገኘው ሂራፑር በምትባል መንደር ይታያል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተሠራ የሚገመተው ዮጊኒ የሚባሉት የ64 ሴት አማልክት ቤተ መቅደስ ክብና ጣሪያ የሌለው ሲሆን፣ ምስሎቹ በውስጠኛው ግድግዳ ዙሪያውን ተደርድረዋል። ባይታል ዴውል ቻሙንዳን በጨለማ ሲከልላት፣ በሂራፑር ግን ዮጊኒዎቹ በሰማይ እየበረሩ ይወርዳሉ ተብሎ ስለሚታመን ክበቡ ወደ ላይ ክፍት ተደርጎ ቀርቷል።