«ልጄን እንዴት እንዲህ ይጠይቁብኛል?»

አሜሪካ ውስጥ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለበትን ልጅ ሆስፒታል የወሰደ ወላጅ፣ ከሕክምናው ጎን ልጁ በጥናት እንዲሳተፍ የሚፈርምበት የፈቃድ ወረቀት ሊሰጠው ይችላል። በዚያ ሰዓት የሚነሱት ጥርጣሬዎች ይመሳሰላሉ።

«መጠየቁ ራሱ ሐሳቡን ያስገባበታል»

ዋናው ፍርሃት ይሄ ነው። «ክፉ አታውራ» እየተባለ ላደገ ሰው ደግሞ ይብሳል። ነገሩ ግን ተፈትኗል። በኒውዮርክ ግዛት በ6 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 2,342 ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ራስን ስለማጥፋት በግልጽ ተጠየቁ፤ የሌሎቹ መጠይቅ ላይ ግን ጥያቄው አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ ሁሉም ተጠየቁ። በ2005 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ቀድመው የተጠየቁት ከሌሎቹ የባሰ ጭንቀትም ሐሳብም አልነበረባቸውም። እንዲያውም ድብርት ያለባቸውና ከዚህ በፊት ሙከራ ያደረጉት ቀለል ሳይላቸው አልቀረም።

«ወላጅ ከፈረመ አለቀ»

አላለቀም። እንደ ደንቡ ነገሩ የሚገባው ልጅ ራሱም እሺ ማለት አለበት። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በፈለጋችሁት ሰዓት መውጣት ትችላላችሁ፤ በዚህ ምክንያት መደበኛው ሕክምና አይቀርባችሁም። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁን «እስቲ አንተ አንብብልኝ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ስለ ራሱ ሞት የሚያወራ ወረቀት እኮ ነው!

«በጥናቱ የሚፈተነው ሕክምና በዕጣ ካልደረሰው ያለ ሕክምና ይቀራል»

ሁሌ አይደለም። በ2018 በታተመ ጥናት 173 ታዳጊዎች ተሳትፈዋል። አንደኛው ቡድን ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ (ከባድ ስሜትን መቆጣጠር የሚያስተምር የንግግር ሕክምና)፣ ሌላው ደግሞ የግልና የቡድን ምክር ለ6 ወር አግኝቷል። የመጀመሪያው በ6 ወሩ የተሻለ ውጤት ነበረው፤ ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠበበ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «ሌላው ቡድን ምን ያገኛል?» በሉ።

«የሚናገረው ሁሉ ምስጢር ነው»

ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው ሊነግሯችሁ ይገባል።

«እኛ በሕክምናው ረክተናል፣ እሱም ደስ ብሎታል»

ማን ነገራችሁ? ፊላደልፊያ ውስጥ ከ5,000 በላይ ታዳጊዎችና ወላጆቻቸው ለየብቻ ተጠይቀው ነበር። ራሳቸውን ስለማጥፋት አስበው ከነበሩት ልጆች የግማሽ ያህሉ ወላጆች ወሬውም አልነበራቸውም። ይህን ያልሰማ ወላጅ ስለ እርካታ በልጁ ፈንታ ሊመልስ አይችልም። እናንተ ቀጠሮው ቶሎ መያዙ ሊያስደስታችሁ ይችላል፤ እሱ ግን ሐኪሙ ፊት እናንተ ስታወሩለት ስለቆያችሁ ላይደሰት ይችላል። በሕክምናው ምን ያህል እንደረካችሁ የሚጠይቅ ወረቀት ከተሰጣችሁ ለየብቻ ሙሉ፤ የእሱንም አትዩበት።

ዛሬ የሚያሰጋችሁ ነገር ካለ ጥናቱ ይቆይ። አሜሪካ ያላችሁ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው እርዳታ ወደሚሰጠው የስልክ መስመር 988 ደውሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ሌላ አገር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት።